በሞሚና ማሳ ላይ ያለው ድንጋዬ

ታኅሣሥ ሲገባ አሰላ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ኮምባይነሮቹ የት ከርመው እንደሚመጡ እንጃ፤ ብቻ አንድ ጠዋት ዋናውን መንገድ ሞልተው፣ ሚኒባሱንም ባጃጁንም ከኋላቸው አሰልፈው ወደ ሳጉሬ ሲወጡ ታያላችሁ። ሲያልፉ የሱቄ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸው ማጭዶች ይንቃጨላሉ። ልጆቼ፣ "እማ፣ በኮምባይነር ዘመን ማጭድ ማን ይገዛሻል?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ኮምባይነር የማይገባበት ማሳ ያለው ሰው ሁሉ ይገዛኛል። ከነዚያ ሰዎች አንዷ ሞሚና ናት፤ እሷን ባየሁ ቁጥር ደግሞ ሆዴ ይቃጠላል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ሰጥቼ አላሽሞነሙነውም። ለሰላት ስጎነበስ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ አሁንም እቀናባታለሁ።

ባለፈው ሳምንት መጣች። ከሳጉሬው ሚኒባስ ወርዳ መንገዱን ስታቋርጥ ከሩቅ ለየኋት፤ ወገቧ እንደ ልጃገረድ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ባንኮኒ ካልተደገፍኩ አልቆምም። "ሸምሲያ፣ አለሽ ወይ?" ብላ ገባች። "የት እሄዳለሁ? መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ" አልኳት። ሳቀች። ይህን ንግግሬን ለምዳዋለች። በዚህ መሃል አንድ ኮምባይነር እያጓራ አለፈና ጭሱ ሱቁን ሞላው፤ ሁለታችንም አፋችንን በሻርፓችን ሸፈንን። ያ ሽታ ነው እንግዲህ ወደዚያ ዘመን ይዞኝ የሄደው።

ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ፣ ጭላሎ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ የሚታይበት ሜዳ ላይ ነበርን። መሬቱ የፊታውራሪው ነው። ፊታውራሪው የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ መልካቸውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር፤ እኛ የምናውቀው ምርቱን እኩል እንደምናካፍላቸው ብቻ ነው። የኛ ማሳ ሜዳው ላይ ነው፤ የነሞሚና ከኛ ቀጥሎ ወደ ዳገቱ ከፍ ያለው፣ ድንጋይ የበዛበት ነው። አባቴ ኦቦ ከድር አንድ በሬ ነበረው፣ ቡሬ። የሞሚና አባት ኦቦ ሁሴንም አንድ በሬ ነበራቸው፣ ጉራቻ። ባለ አንድ በሬ ብቻውን ምን ያርሳል? ሁለቱን በሬ አጣምረው አንድ ቀን የኛን፣ በማግሥቱ የነሱን ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። ቡሬና ጉራቻ ከመለማመዳቸው የተነሳ ቀንበር ሳይጫንባቸው እንኳ ጎን ለጎን ነበር የሚግጡት። እኔና ሞሚናም እንደነሱ ነበርን ብል ደስ ባለኝ። ግን አልነበርንም።

እሷ ድምፅ ነበራት። አጨዳ ላይ ዘፈን ስታወጣ ወንዱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቀጥ ይላል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ተቀባይ ነኝ። ፀጉሯ ወገቧ ይደርስ ነበር፤ የኔ ቅቤ ቢፈስበት እንኳ ከትከሻ አያልፍም። የገበያ ቀን አሰላ ስንወርድ፣ ያኔ በእግር ነው፣ ከነዳጅ ማደያው ማዶ የጣሊያኑ ጎሚስታ ያለበት ጥግ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ለሷ ከረሜላ ይገዙላታል። በአምስት ሳንቲም እፍኝ ሙሉ ከረሜላ የሚገኝበት ዘመን ነው። እሷ ታካፍለኛለች፣ እኔም እበላለሁ፣ እየበላሁ እቀናለሁ። ከጎሚስታው ቀጥሎ የአረቡ ሱቅ ነበር፤ አቡጀዲው በስተቀኝ፣ ቴትሮኑ በስተግራ ተጠቅሎ ቆሟል፣ ከበላዩ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ያንን አበባ ያለበትን ሰማያዊ ቴትሮን ጨርቅ ሁለታችንም እንዳስሰውና አረቡ "እጅ ታጥቧል?" ብሎ ሲቆጣ ሮጠን እንወጣለን። ዛሬ ያ ሱቅ ሞባይል ይሸጥበታል፣ ጎሚስታው የነበረበት ፎቅ ሆኗል። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ አሁንም የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸተኛል።

ከዚያ የእርሻ ሰዎች መጡ። ፈረንጆችም ነበሩባቸው፣ ያገራችን ልጆችም። ወደኛ የተመደበው ታደሰ የሚባል ከሸዋ የመጣ ወጣት ነው፤ ሞተር ብስክሌት አለው፣ ኦሮምኛው ስብርብር ያለ ነው፣ ለሽማግሌ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግር። አዲስ የስንዴ ዘርና በከረጢት የታሸገ ማዳበሪያ ይዞ መጣ። እስከዛሬ ከረጢቱን ራሱን ማዳበሪያ እያልን የምንጠራው ያኔ የጀመረ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ያቆመው የት መሰላችሁ? እነሞሚና ደጅ! ወተት ጠጣ፣ ዘፈን ሰማ፣ ተጫወተ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ደሜ ይፈላል። ግን ማሳቸውን ዞሮ ሲያይ ድንጋይ ብቻ ሆነበት። ወደኛ ሜዳ ወረደና አፈሩን በእጁ አፍሶ፣ "ኦቦ ከድር፣ አርአያ ገበሬ የምናደርገው እርስዎን ነው" አለ። አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ ለስንዴው አይደለም፣ ሞሚና ስለሰማች ነው።

ጭሰኛ ማዳበሪያ በዱቤ ለማግኘት ባለመሬቱ መፈረም ነበረባቸው። ፊታውራሪው ሌላ ቦታ ለብዙ ሰው እምቢ እንዳሉ እንሰማለን፤ ለአባቴ ግን፣ ታደሰ ለምኗቸው ይሁን ምርቱ አጓጉቷቸው እንጃ፣ ፈረሙ። የዚያን ዓመት ስንዴ አልነግራችሁም። ደረቴ ድረስ ደረሰ፤ ዘለላው ከብዶት ተኝቶ ነበር። ጉራቻ ከቡሬ ጋር ተጠምዶ ያረሰው ማሳ ነው እንግዲህ፤ የነሱ በሬ፣ የኛ ስንዴ። እኩሌታው ለፊታውራሪው ሄዶ እንኳ ጎተራው አልበቃንም። አባቴ አሰላ ወስዶኝ ያንን ሰማያዊ ቴትሮን አስቀደደልኝ፣ ኮንጎ ጫማም ገዛልኝ። ጫማው ውስጥ እግሬ ያልበዋል፣ ይንሸራተታል፣ ግን አወልቃለሁ እንዴ? ሞሚና በባዶ እግሯ አጠገቤ እየሄደች እግሬን እንጂ ፊቴን አላየችኝም። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ነገር የለም። ሰው ሲቀናብኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ታደሰ ትልልቅ ሰዎች ማሳውን ሊያዩ ይመጣሉ አለ። አባቴ ነፍሱን አላወቀም። ማሳው እንደ መስጊድ ምንጣፍ ይጽዳ አለ። ሜዳም ቢሆን አርሲ ነው፤ ማረሻ በነካው ቁጥር ድንጋይ ከሥር ይወጣል። ሌላ ጊዜ እየሰበሰብን ማሳው መሃል ዛፍ ሥር እንከምረው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ክምሩም ራሱ ይነሳ ተባለ። ማን ያነሳል? እኔ ነኛ! ከማለዳ ጀምሬ በጀርባዬ እያዘልኩ፣ በእቅፌ እየተሸከምኩ አነሳሁት። የት እንዳደርሰው የነገረኝ ሰው የለም። ወንዙ ሩቅ ነው፤ የነሞሚና ድንበር ግን እዚሁ ነው። ድንጋያቸው ላይ ድንጋይ ቢጨመር ማን ያውቃል አልኩና ወደነሱ ወረወርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ለመቅረቡ ብቻም አይደለም፤ ማሳቸው የባሰ እንዲያስጠላ ፈልጌ ነው። ደግሞ ተደብቄ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ኦቦ ሁሴን አይተውኝ፣ "ልጄ፣ ትልልቁን ለኔ ተዪው፣ ወገብሽን ትጎጃለሽ" ብለው መጥተው አገዙኝ! እሳቸው እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ሞሚና ግን አልማረችኝም። አጨዳው ላይ ስሜን አንስታ ዘፈን አወጣችብኝ። በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ ልግጠመው ካልኩ እንዲህ ይመጣል፦

የሸምሲያ ጫማ ድንጋይ ፈራ፣
ወዲያ ወረወረው ወደኛ ጎራ።

አገር ምድሩ ሳቀብኝ። ተቀባይ እኔ ነበርኩ፤ አልተቀበልኩም።

ትልልቆቹ ሰዎች የመጡ ቀን ፊታውራሪውም አብረው መጡ። ካቦርት ለብሰዋል፣ ላንድሮቨሩ ገና አዲስ ነው። እኔ ቴትሮኔን ለብሼ፣ ኮንጎዬን አጥቤ ከአባቴ ኋላ ቆሜያለሁ። ፊታውራሪው አንድ ዘለላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና ፍሬውን ወደ አፋቸው ወረወሩት። አላመጡት። ሜዳውን እስከ ወንዙ አዩት። ከዚያ፣ "ከድር፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጥማድ በሬ ነው?" አሉ።

"በአንድ ጥማድ ነው ጌታዬ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የጎረቤቴ" አለ አባቴ።

"በትራክተር ቢሆንስ?"

አባቴ ደረቱን ነፋ። ሰውዬው የሚያደንቁት መስሎታል። "በትራክተር ቢሆንማ ጌታዬ፣ እስከ ወንዙ ነዋ!"

"ድንጋይ አይሰብረውም?"

"ድንጋይ? አንዲት የለችበትም!" ብሎ እጄን ይዞ ወደፊት ጎተተኝ። "ይቺ ልጄ ናት የለቀመችው፣ አንድ በአንድ!"

ፊታውራሪው ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። "ጎበዝ ልጅ" አሉኝ። ሞሚና ከአጥሩ ማዶ እያየችኝ ስለነበር፣ ጎበዝ ልጅ መባሌን ሰምታ እንደሆነ ብዬ ዞር ብዬ አየኋት። አያድርስ! ያን ቀን ሰውዬው የሚለኩት አንገታችንን ነበር፣ እኔ የማየው የሞሚናን ፊት።

ስንዴው ታጭዶ ተወቅቶ ሳያልቅ ትራክተሩ መጣ፤ ቀይ ነው። አብሮት የመጣው ሰው ለአባቴ የሚቀጥለውን ክረምት ሌላ ቦታ ፈልግ አለው። ሌላ ምንም አላለም። አባቴ ታደሰን ሳጉሬ ድረስ ሄዶ ይዞት መጣ። ታደሰ ሞተሩን አላስነሳም፤ እየገፋ ነው የመጣ። ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገረን። "ኦቦ ከድር፣ መንግሥት ለእርሻ ለሚገባ ትራክተር ቀረጥ አያስከፍልም። የናፍጣውንም ቀረጥ ያነሳል። ባንኩም የሚያበድረው መሬት ላለው ነው። ለፊታውራሪው እርስዎን ከማኖር ትራክተር መግዛት ረከሰ።"

"ታዲያ ማዳበሪያውን ለምን አመጣህልኝ ልጄ?" አለው አባቴ።

"ምርትዎ እንዲያድግ ብለን ነው።"

"አደገ እኮ! አድጎ ነው የተወሰደብኝ! ባያድግ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር?"

ታደሰ ተነስቶ ሞተሩን እየገፋ ሄደ። እሱ ምን ያድርግ? የተላከው ገበሬውን ሊያበለጽግ ነው፤ ያው ላኪው መንግሥት ደግሞ በሌላ እጁ ገበሬውን ማስነሳት ርካሽ አድርጎ ቁጭ ብሏል። አንዱ እጅ ሌላውን አያውቀውም ይሆን፣ ወይስ ያውቀዋል? ይህን ጥያቄ አባቴ እስኪሞት ሲጠይቅ ኖሯል።

ኦቦ ሁሴን መጡ። "ከድር፣ ቡሬን ለኔ ተውልኝ። ዋጋውን ቀስ ብዬ እሰጥሃለሁ። ጥንዱ አይፍረስ" ብለው ለመኑት። አባቴ እምቢ አለ። እኔ ከማን እንደወረስኩት ይታያችኋል! ቡሬ የሌላ ሰው ማሳ ላይ ሲያርስ ከማይ ለማላውቀው ሰው ልሽጠው ብሎ አሰላ ገበያ ነዳው። ጉራቻ እስከ መንገዱ እየጮኸ ተከተለን። ገበያው በር ላይ ቀረጥ ሰብሳቢው አባቴን አስቆመው። አባቴ እዚያው ፈነዳ፤ ጨርቁን የጣለ ሰው መሰለ። "ሳር በልቶ፣ በአራት እግሩ ሄዶ አገር ያበላ በሬ ሲሸጥ ቀረጥ ይከፈልበታል! ያ ናፍጣ ጠጪ ግን ከፈረንጅ አገር ሲገባ የንጉሥ እንግዳ ነው፣ አይነኩትም! ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?" ቀረጥ ሰብሳቢው ያዘነ መሰለኝ፤ ቀረጡን ግን ተቀበለ።

ትራክተሩ የኛን ሜዳ በግማሽ ቀን ገለበጠው። ያቺን የኛን ዛፍም ነቀላት። ከዚያ ወደ ዳገቱ፣ ወደነሞሚና ዞረ። ፊታውራሪው ሁሉንም ነው የፈለጉት፤ ኦቦ ሁሴንም ጓዛቸውን ማሰር ጀምረው ነበር። እኛ ዕቃችንን አህያ ላይ እየጫንን ነው፤ ቆመን አየን። ትራክተሩ ድንበሩን ተሻገረ፣ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ቋ! አለ። ማረሻው ተጣመመ። ሾፌሩ ወርዶ ተራገመ፣ ነድቶ ሌላ ቦታ ሞከረ፣ እንደገና ቋ! ሞሚና ከቤቷ ወጥታ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ታያለች። ሾፌሩ ማረሻውን አንጠልጥሎ ተመለሰ፤ ፊታውራሪውም ለድንጋይ ብዬ ማረሻ አልጨርስም ብለው ዳገቱን ለኦቦ ሁሴን ተዉላቸው። የሰበረው የኔ ድንጋይ ነው። ድንበሩ ላይ የወረወርኩት፣ ትልቅ ትልቁ፣ ኦቦ ሁሴን ያገዙኝ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ማንም ሌላ ሊነግረኝ አይችልም።

አሰላ ገባን። አባቴ የነዳጅ ማደያው ዘበኛ ሆነ። ያ ቀረጥ ያልተከፈለበት ናፍጣ በበርሜል እየተጫነ ወደነፊታውራሪው እርሻ ሲወጣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። እኔ ቴትሮኔ አልቆ እስኪቀደድ ለበስኩት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጃንሆይ ወረዱ፤ ዓመት ሳይዞር ደግሞ መሬት ላራሹ ተባለና መሬቱ በላዩ ለተገኘ ገበሬ ሆነ። እነማን ተገኙ? እነሞሚና። የኛ ሜዳ ከነትራክተሩ የመንግሥት እርሻ ሆነ፤ አባቴ ሄዶ ቢጠይቅ፣ "አንተ የከተማ ዘበኛ ነህ፣ ገበሬ አይደለህም" አሉት። ያን ማታ እራት አልበላም። ኦቦ ሁሴን ግን በዚያው ዓመት ለጉራቻ ጓደኛ ገዙለት።

ከዚያ ወዲህ የቀናሁትን ቅናት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሞሚና ስታገባ በገዛ ማሳዋ ገብስ ነው የተደገሰው። ስትወልድ ልጇ እትብቱ የተቀበረው እዚያው ነው። እኔ ለዓመት በዓል ድንች ስገዛ፣ እሷ በጆንያ ትልክልኛለች፣ እበላዋለሁ፣ እየበላሁ እቀናለሁ። ልክ እንደ ከረሜላው። ሰው በሀብት ይቀናል፣ በውበት ይቀናል። በድንጋይ የሚቀና ሰው ከኔ ሌላ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ሞሚና ማጭዶቹን እያገላበጠች ሳለ ድንገት ያነሳችውን መልሳ ሰቀለችው። እሷ ያነሳችውን አትመልስም። "ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ልጆቼ ድንጋዩን እናንሳው እያሉ ነው" አለች። "ባለሙያው መጥቶ፣ ማሳችሁ ከጎረቤት ጋር ኩታ ገጠም ይሁን፣ ድንጋዩ ከተነሳ ኮምባይነር ይገባል፣ ዘሩም ማዳበሪያውም ቀድሞ ለእናንተ ነው ብሏቸዋል። አንድ ባለሀብት ደግሞ በራሱ ማሽን ሊያነሳው ነው፤ ከዚያ ለረጅም ዓመት ልከራየው ይላል። ልጆቹ ከተማ መግባት አምሯቸዋል። እኔ እንጃ፣ ሸምሲያ። ዕድሜዬን ሙሉ ጎንበስ ብዬ አጭጄ ደከመኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

እኔን! እኔን ጠየቀችኝ! ባንኮኒውን ያዝኩ። "አንሱት" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ማሳዋ ይጸዳል፣ ያምራል፣ ይጠፋል። እሷም እዚህ ከተማ መጥታ አንዲት ክፍል ትከራያለች፣ ባንኮኒ ትደገፋለች፣ እኩል እንሆናለን። ይህን ቀን ስንት ዘመን ስመኘው ኖሬያለሁ! ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከዚያ አባቴ እጄን ይዞ "አንድ በአንድ!" ሲል ሰማሁት፤ የፊታውራሪው መዳፍ አናቴ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝ።

"የማንን ድንጋይ ነው የሚያነሱት?" አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ገባትና ፊቷ በራ። "ያንቺን ነዋ" አለች።

"ታዲያ! ከአባቴ ማሳ በገዛ እጄ ለቅሜ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ ያስቀመጥኩት ንብረቴ ነው። ለልጆችሽም፣ ለባለሙያውም፣ ለባለሀብቱም ንገሪያቸው፤ ባለቤቷ አልፈቀደችም በያቸው።"

ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ያ የጥንት ድምጿ አለ፣ አላረጀም። ያንን የድንጋይ ዘፈን እያንጎራጎረች ማጭዷን መረጠች። ስለታም ስለታሙን አውጥቼ ሰጠኋት። በዚህኛው ጊዜ ዘፈኑን ተቀበልኳት። ከዚያ ቀጥ ባለ ወገቧ መንገዱን ተሻግራ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች፤ ወደ ማሳዋ። ወላሂ፣ አሁንም ቀናሁባት። ግን ከዚያ መሬት የቀረኝ ያ ድንጋይ ብቻ ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም።